ጸጥታው የማን ነው?

በዚህ ገጽ ላይ ከእኔ አብልጠው የሚጽፉ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ አገር ቤት ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህር፣ እዚህ ስቶክሆልም ደግሞ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ሆኖም አንዲት ተሳፋሪ ጥለውብኝ የሄዱት ቃል ከራሴ አልወጣ ስላለኝ፣ ለብቻዬ ከምብሰለሰል ላካፍላችሁ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት ወር አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ አርላንዳ ተራዬን ስጠብቅ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ስዊድናዊት ገቡልኝ። ከሞቃት አገር መምጣታቸውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፣ ከካፖርታቸው ሥር የለበሱት ልብስ ስስ ነው፣ እግራቸው ላይ ካልሲ የለም። ውጭው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ነው። እንደምታውቁት የዚህ አገር ተሳፋሪ ብዙ አይናገርም፤ አድራሻውን ከነገረህ በኋላ መንገዱ እስኪያልቅ ስልኩን ያያል። እኒህ ሴትዮ ግን ገና ኢ4 አውራ ጎዳና ሳንገባ ወሬ ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ላኦስ ቆይተው በባንኮክ በኩል መመለሳቸው ነው።

«እንዴት ያለ አገር መሰለህ!» አሉኝ። (እሳቸው «አንተ» ይሉኛል፣ እኔም በስዊድንኛ «አንቺ» እላቸዋለሁ፤ ቋንቋው ሌላ አማራጭ አይሰጥም። በሆዴ ግን ያው «እርስዎ» ናቸው።) «ማንም አይጮህም፣ ማንም አይቸኩልም። ሰዎቹ ምንም የላቸውም፣ ግን ረክተው ይኖራሉ።» ሉዋንግ ፕራባንግ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ጎህ ሲቀድ መነኮሳቱ ባዶ እግራቸውን፣ ብጫ ልብሳቸውን ለብሰው በሰልፍ ሲያልፉ፣ ሴቶቹ በመንገዱ ዳር ተንበርክከው በእጃቸው ሩዝ እየቆነጠሩ በየዕቃቸው ሲጨምሩላቸው አይተው አልቅሰዋል። ስዊድኖች «ሉንግን ኦ ሩ» የሚሉት ነገር፣ እርጋታና ዕረፍት እንደማለት ነው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ እንደ ገባቸው ነገሩኝ። «ያልተነካ አገር ነው» አሉ በመጨረሻ።

ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ላሊበላን ማየት የዘወትር ምኞቴ ነው። አሁንም ያልተነካ ነው? ሳይለወጥ ልድረስበት።»

«ቆንጆ ነው» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሂሳቡ እየቆጠረ ያን ሁሉ ከየት ይጀምሩታል? ከቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ሻንጣቸውን አወረድኩላቸው። በፎቁ መስኮቶች ላይ መብራት አልነበረም፤ በሩ ላይ የሚጠብቅም ሰው አልነበረም። ቁልፋቸውን ከቦርሳቸው ውስጥ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ብርዱ ላይ አብሬያቸው ቆምኩ።

«ያልተነካ» የሚለው ቃል ነው የከነከነኝ። እኛ ያልተነካ የምንለው ዳሩ ያልተቆረሰ እንጀራን ነው። አገር እንደ እንጀራ «ሳይነካ ልድረስበት» ሲባል፣ ተናጋሪው ሊቆርስ መምጣቱን ነው የሚነግረን። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ከስንት ተሳፋሪ አንድ የሚገኙ ሰው ነበሩ። ቢሆንም የመምህርነት አመል አይለቅምና ማታ ቤቴ ገብቼ የልጄን አትላስ አወጣሁ፣ በማግሥቱም በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ላኦስ ያገኘሁትን ሁሉ አገላበጥኩ።

የባሕር በር የሌላት፣ ሜኮንግ የሚባል ታላቅ ወንዝ በጎኗ የሚያልፍ፣ ተራራ የበዛባት አገር ናት። እስካሁን ከእኛው ጋር ዘመዳሞች ነን። ከ1964 እስከ 1973 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የአሜሪካ አውሮፕላኖች በዚህች ትንሽ አገር ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ አራግፈውባታል። ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር በዓለም ታሪክ እንደ እርሷ በቦምብ የተደበደበ አገር የለም። ከተበተኑት ትንንሽ ቦምቦች ሲሦ ያህሉ ሳይፈነዱ መሬት ውስጥ ቀሩ፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን ገድለዋል ወይም አካለ ጎዶሎ አድርገዋል። ገበሬው ማረሻውን ለመስደድ የሚፈራበት ሜዳ አለ ማለት ነው። የማይታረስ ሜዳ ደግሞ ከአውቶቡስ መስኮት ለሚያይ መንገደኛ ጸጥ ያለ ሜዳ ነው። ያልተነካው አገር ይህ ነው እንግዲህ።

ደግሞ ሌላ አለ። የእኛ ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ከወረዱ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1975 መጨረሻ፣ የላኦስም ዘውድ ወረደ። ንጉሡ በግዞት ሳሉ ሞቱ፤ ሉዋንግ ፕራባንግ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኘው ሙዚየም ነው። በዚያ ዘመን ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ያህሉ ተሰደደ፤ ብዙው ሜኮንግን ተሻግሮ ታይላንድ ገባ። ይህን ሳነብ በረሃ ለበረሃ ሱዳን የገቡት ወገኖቻችን ትዝ አሉኝ። ሱዳን ያለፈበት ሰው ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከልም ሞልቷል። አንድ ከተማ ወጣቶቿ፣ ተማሪዎቿ፣ ተከራካሪዎቿ ሲሄዱባት ምን እንደምትመስል እናውቃለን። ጸጥ ነው የምትለው።

የአማርኛን ባለጠግነት ያየሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ በአንድ ቃል የጠሩትን ነገር እኛ በአንድ ቃል አንጠራውም። እርጋታ አለ፤ ከውስጥ የሚመጣ፣ እንደ ጠራ ውሃ ያለ። ዝምታ አለ፤ ዝም የሚለው የሚናገረው ያለው ሰው ነው። ጭር ማለት ደግሞ የሰው መጥፋት ነው፤ ጭር ያለ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ጸጥታ የሚለው ቃልማ የራሱ ጉድ አለበት። የጸጥታ ኃይል፣ ጸጥታ አስከባሪ እንላለን። «የአካባቢው ጸጥታ ተጠብቋል» የሚል ዜና የሰማ ኢትዮጵያዊ ስንት ሰው ታስሮ ይሆን ብሎ በሆዱ ይጠይቃል። ከመኪና ወርዶ ዙሪያውን ለሚቃኝ እንግዳ ግን አራቱም አንድ ናቸው፤ አንዳቸውም ድምፅ የላቸውም።

ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከ2003 እስከ 2010 ላሊበላ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማዋን ላላየ ሰው ለመግለጽ መሞከር አስቸጋሪ ነው፤ በ1520ዎቹ ያያት ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንኳ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሕንፃዎቹ መጻፉን አቁሟል። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለው የወጡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች መካከል ናቸው። ቱሪስቱ ይመጣል፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ምእመናን ግድግዳ ተደግፈው ሲጸልዩ ያያል፣ «እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ነው» ይላል። የእኔ ተማሪዎች ታዲያ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ አልነበሩም። ብዙዎቹ ቱሪስት ተከትለው ነበር። አንዱ የመዝገበ ቃላት መግዣ ይለምናል፣ ሌላው ለቡድናቸው ኳስ፤ መዝገበ ቃላቱን ገዝቶ የሰጠው ፈረንጅ ሲሄድ ለሱቁ መልሰው ይሸጡታል። ተቆጣሁ፣ ገረፍኩም፤ ዛሬ አፍርበታለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ አህጉራት አቀማመጥ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ከሌላ አህጉር የመጣ ሰው ግን በር ላይ ቆሟል። እኔ ብሆን የቱን እመርጥ ነበር?

አንድ ቀን አንድ አውሮፓዊ ጎብኚ ትምህርት ቤታችንን ለማየት መጣ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ አስገቡት። አሥር የምንሆን መምህራን ሻያችንን ይዘን ተቀምጠናል፤ ቃል የሚተነፍስ የለም። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ለተወሰነ ጊዜ ተመለከተን፤ ከዚያም በእኛ አገር መምህራን ዕረፍት ላይ እንዲህ ተረጋግተው አይቀመጡም አለ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ነው ዘመኑ። ከመካከላችን የተባለውን ሁሉ የሚያደርስ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ዝናቡ እንኳ ማውራት ትተን ነበር፤ ዝናብ ጠፋ ማለት እህል ተወደደ ማለት ነው፣ እህል ተወደደ ማለት ደግሞ መንግሥትን ማማት ነውና። እንግዳው ያደነቀው እርጋታ ይህ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አገሬን ለቅቄ ወጣሁ።

እንግዲህ እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «ይህ ሰው ፈረንጅ ጉብኝት አይምጣ ሊል ነው» ብሎ ያስብ ይሆናል። አይደለም። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ተነሣ፣ በነሐሴ 2021 ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፣ እስከ ታኅሣሥም ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ቆየች። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ያው የክልሉን ነገር ታውቁታላችሁ። የድሮ ተማሪዬ የነበረ አንድ አስጎብኚ፣ ያ መዝገበ ቃላት የሚሸጠው፣ በስልክ «ቲቸር፣ ከተማው ጸጥ ብሏል» አለኝ። ቱሪስት የለም ማለቱ ነው። ሆቴሎቹ ባዶ ናቸው፣ በቅሎ ሳቢዎቹ በቅሏቸውን ሸጠዋል፣ እሱ ራሱ በጅቡቲ በኩል መውጣት ያስብ ነበር። ለእሱ ጸጥታ ማለት ረሃብ ነው። እንግዳ የሚመጣበት ጫጫታ ቢመለስለት ደስታውን አይችለውም።

በሌሎች ላይ እጄን ስቀስር ቆየሁ። አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከላሊበላ ወጣ ባለች የላስታ መንደር ነው። ቤታችን ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። በስደቱ ዓመታት ሁሉ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ስትጠልቅብኝ፣ በዓይነ ኅሊናዬ የማያት ያችን ጎጆ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጭሱ በሣሩ መካከል ቀስ ብሎ ሲተን። በ2018 ከስምንት ዓመት በኋላ ሄድኩ። ሣሩ ጠቁሯል፣ በአንድ በኩል ሰምጧል። እናቴ ገና ቡናው ሳይፈላ «ልጄ፣ ይህን ነገር ቆርቆሮ አድርግልኝ» አለችኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ይሄ ቤት እኮ ቅርስ ነው።»

ሳቀች። «ታዲያ ቅርስ ያፈሳል እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ፤ ቆርቆሮውን ግን አልገዛሁም። ብር አጥቼ አይደለም። ለአባቴ ተዝካር ሰጥቻለሁ፣ ለመድኃኒቷ፣ ለበሬ መግዣ ልኬያለሁ። የቆርቆሮውን ነገር ስታነሣብኝ ግን «ዘንድሮ ይቆይ፣ ጥሩ ሣር አስፈልጊና በደቦ ይከደን» እል ነበር። ጎረቤት ሁሉ ቆርቆሮ አድርጎ መንደሩ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሳይ ተናድጄ ነበርና የእኛ ቤት እንኳ እንዲቀርልኝ ፈለግሁ። ልጄን ይዤ ስሄድ የማሳያት እንዲኖረኝ። ፎቶ አንሥቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ አሁንም አለ።

ደቦ ነው ያልኩት። የማን ደቦ? የሣር ክዳን እንደ ቆርቆሮ አንዴ ተሠርቶ የሚኖር ነገር አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ሣር ታጭዶ፣ ተሸክሞ መጥቶ፣ ጉልበት ያላቸው ወንዶች ላዩ ላይ ወጥተው ካልከደኑት ይበሰብሳል። ሣሩ ደግሞ ጠፍቷል፤ የግጦሽ መሬቱ ታርሷል። ወንዶቹስ? አንዱ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ የአጎቶቼ ልጆች ግማሾቹ ሳውዲ፣ ግማሾቹ ሁመራ ለሥራ ሄደው የቀሩ ናቸው። እኔ አርላንዳ ቆሜያለሁ። የሣር ቤቱን ማቆም የማይቻል ያደረግነው የሄድነው ነን፤ የሣር ቤቱ እንዲቆይ የምንፈልገውም እኛው። ይህን ነገር ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዴት አላየውም? አላየሁትም። ከሴትዮዋ በፊት ስለ «ያልተነካ» አገር የማወራው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ነሐሴ 2021 መጣ። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ተቋረጠ። በዚህ ከተማ የምንኖር የዚያ አካባቢ ሰዎች እነዚያን ወራት አንረሳቸውም። ስልክ እንደውላለን፤ ያቺ በቴፕ የተቀዳች ሴት ያንኑ ትመልሳለች። እኔ ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ የማስበው ስለ ጥይቱ አልነበረም፤ ለጥይቱ ምንም ላደርግ አልችልም። የማስበው ስለ ክረምቱ ነበር። ነሐሴ ነው፣ የላስታ ዝናብ ይወርዳል፣ እናቴ በዚያ በሰመጠ ክዳን ሥር ናት፤ ያንን ክዳን እንዲያ ያቆየሁት እኔ ነኝ። በስቶክሆልም የሌሊቱ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው ስሄድ መንገዱ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ አልረሳውም። ያን ጊዜ ጸጥታን ጠላሁ።

በ2022 መጀመሪያ የአጎቴ ልጅ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ደወለልኝ። በሕይወት አለች። ክረምቱን አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስታዞር፣ በመጨረሻም ከጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ስታድር ከርማለች። ያ እኔ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ አይቼ የተናደድኩበት ቤት ነው ያስጠለላት።

ፈረንጆቹን በዚህ ነገር መውቀስ የማልችለው ስለዚህ ነው። እነሱም ቢሆኑ እንደኛው ናቸው። ዩርጎርደን ላይ ያለውን ስካንሰንን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሳትሄዱ አትቀሩም። አርቱር ሃዜሊየስ የተባለ ሰው በ1891 ነው የከፈተው፤ ከየአገሩ ክፍል ያረጁ የገበሬ ቤቶችን እያፈረሰ አምጥቶ ኮረብታው ላይ እንደገና አቆማቸው። ዛሬ 150 ያህል ቤት አለ፣ ሴቶች የጥንት ቀሚስ ለብሰው ዳቦ ይጋግራሉ። ያማረ ነው። ግን ሰውየው ቤቶቹን ሲሰበስብ ባለቤቶቹ የት ነበሩ? ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እስከ 1930 ድረስ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተሰደዋል፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ረሃብ በገባ ጊዜ የአገሩ ሕዝብ ጠቅላላ 4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ያንን ጸጥ ያለ፣ ባህሉን የጠበቀ የገጠር ኑሮ ጥለው የሄዱት የኖሩበት ሰዎች ናቸው። የናፈቁት ከተማ የገቡት ናቸው። አሁንም በሐምሌ ስዊድናዊው በቀይ ቀለም ወደተቀባች የገጠር ጎጆው ይሄዳል፣ ውሃ ከጉድጓድ ይቀዳል፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ሦስት ሳምንት በደስታ ይኖርበታል። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል እንደ ነበር አስባለሁ። ለሦስት ሳምንትማ እሷም ትወደው ነበር።

ልጄ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሰው ተሰብስቦ ስለ አገር ቤት ሲጫወት፣ ጎረቤት የታመመ ጠያቂ እንደማያጣ፣ ሰላምታው ብቻ አንድ መንገድ እንደሚያስጨርስ እያወራሁ ሳለ «አባዬ፣ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን መጣህ?» አለችኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሹካቸውን አቆሙ። ስለዚያ የመምህራን ክፍል ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነገርኳት። አሰበችና «ታዲያ ለምን ትናፍቃለህ?» አለች። ሁለቱም ጥያቄ ልክ ነው፤ የአንዱ መልስ ሌላውን አያፈርሰውም። ናፍቆቴ ውሸት አይደለም። የሴትዮዋም ዕንባ ውሸት አይደለም።

ስለ ዕንባቸው ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እኒያ ሴት የፈለጉት ጸጥታ አይመስለኝም። ጸጥታማ እዚሁ ሞልቶላቸዋል፤ በሩን ከፍተው የገቡበት ጨለማ ቤት ከሉዋንግ ፕራባንግ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ላኦስ ውስጥ ያዩት በማለዳ ተነሥታ ሩዝ ቀቅላ ለማታውቀው መነኩሴ የምትሰጥ ሴት ነው። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዛ የምትወጣ እናት ያላየ ማን አለ? ያ ልጅ ግን ለፎቶ አይለምንም፤ ይርበዋል፣ ውሻም ያባርረዋል። ሉዋንግ ፕራባንግ ውስጥ ቱሪስቶች ከሰልፉ እንዲርቁ የሚጠይቅ ማሳሰቢያ እስከ መለጠፍ ተደርሷል፤ ካሜራው ከመነኮሳቱ ፊት አልጠፋ ብሎ። ሴትዮዋን ያስለቀሳቸው መስጠቱና መቀበሉ ነበር፤ ስም ሲያጡለት ጸጥታ አሉት፣ ያልተነካ አሉት። እኔም እናቴን ናፍቄ ስም ሳጣ ሣር አልኩት።

ለውጡን መፍራት ይገባቸው ነበር? አንዳንዴ አዎን እላለሁ። ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ከቻይና ድንበር እስከ ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ ላኦስን አቋርጦ ያልፋል፤ ሉዋንግ ፕራባንግም ጣቢያ አላት። ባቡር ገበያም ያመጣል ሁካታም ያመጣል። ላሊበላም ለቅርሱ ጥበቃ ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩት ነዋሪዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፤ በ2018 በዚያ ሳልፍ ካየኋቸው ክብ የድንጋይ ጎጆዎች ውስጥ ጭስ የወጣበት አንድም አልነበረም። ቤቶቹ ድነዋል፣ ጠዋት እንዴት አደርክ የሚለው ሰው ግን ከዚያ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ለውጥ እኔም አልወደውም። የተጠበቀው ነገር ያ ከሆነ ስካንሰን እዚሁ አለልን።

የእናቴ ቤት በ2022 ቆርቆሮ ሆነ። ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ነው ያመጡላት፤ ለሸክሙም ለጠላውም ከፈልኩ። ሳሎን ያለውን ፎቶ ልጄ «አሮጌው ቤት» ትለዋለች። ሴትዮዋን አንድ ቀን ዳግመኛ ብጭናቸው፣ አገሩ ሰላም ሲሆን ላሊበላ ይሂዱ እላቸዋለሁ፤ የእናቴንም መንደር እነግራቸዋለሁ። በቅሎ ይከራዩ፣ ቡና ይጠጡ። መንደሩ ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ እንዳይደነግጡ።

ባለፈው ሐምሌ ስደውልላት ስልኩ ውስጥ የምሰማው ጩኸት ብቻ ሆነብኝ። «እማዬ፣ አይሰማኝም፣ ምንድን ነው?» እላለሁ። እሷም ትጮሃለች። ደጋግማ ስትለው ነው የገባኝ።

«ዝናቡ ነው! ቆርቆሮው ላይ ነው! ጩኸቱ ነው እንጂ ውጭ ነው፣ ውጭ ነው!»